የፕሌቶ ዋሻ እና የኔ 18 ሺህ ብር

ባለፈው ክረምት ነው። ጅማን የምታውቋት ታውቃላችሁ፣ ክረምት ላይ ማታ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ራሱ የሚያወራው አይሰማችሁም፣ ከዛ የሆነ ቦታ ጓ ይላል፣ መብራት ድርግም። የዛን ቀንም ድርግም አለ። እማዬ በዳበሳ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ትበረብራለች፣ እኔ የስልኬን መብራት አበራሁና በርጩማ ላይ አስደግፌ አቆምኩት፣ ያቺ የጅማዋ ባለ ሦስት እግር በርጩማ። የእህቴ ልጅ አራት ዓመቷ ነው፣ ከንፈሯን ጥላ ልታለቅስ ስትል ቶሎ ብዬ በእጄ ግድግዳው ላይ ውሻ ሠራሁላት። አውራ ጣት ጆሮ፣ ትንሿ ጣት አገጭ፣ ውው ውው። ሳቀች። ቀጥሎ ወፍ። ቀጥሎ ጥንቸል ልሞክር አልኩና የሆነ ጉንዳን የበላው ድንች መሰለብኝ፣ ችሎታዬ ሁለት እንስሳ ላይ ነው የሚያልቀው።

ድንገት ልጅቷ ጮኸች። ለካ ረከቦቱ ላይ የነበረችው ጀበና መብራቱና ግድግዳው መሀል ገብታለች፣ ጥላዋ ግድግዳው ላይ አንገቷ ረዝሞ ሆዷ አብጦ ጠጋ ብሎ ላየው ያስፈራል። "ጅብ ነው!" ብላ እማዬ ጉያ ውስጥ ተወሸቀች። "ጀበና እኮ ናት ሚጡዬ፣ ዞር በይና እያት" አልኳት። አልዞረችም። እኔ ብልጡ ደግሞ ጀበና መሆኗን ላሳያት ብዬ ብድግ አደረግኳት፣ ወደ መብራቱ ስትጠጋ ጥላዋ ጣሪያ ድረስ አደገ፣ ልጅቷ እሪሪ። "ተው እንጂ አንተ፣ ልጅቷን አታስጨንቅብኝ!" አለችኝ እማዬ።

ያን ማታ ነው ፕሌቶ ትዝ ያለኝ። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ፣ በግዕዙ መጻሕፍት አፍላጦን የሚባለው ሰውዬ።

የዋሻውን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ግቢ አንደኛ ዓመት ሎጂክ ክላስ ውስጥ ነበር። መምህሩ ብላክ ቦርዱ ላይ ዋሻ ሣለ፣ ዋሻው ጎመን ይመስል ነበር፣ ግማሹ ተማሪ ተኝቷል፣ እኔ ግን አልተኛሁም ምክንያቱም ታሪኩ ስለኔ ነው ብዬ ስላሰብኩ። ማለቴ እዛ ውስጥ ከሰንሰለት ተፈትቶ ወጥቶ ፀሐይ ያየ ሰውዬ አለ አይደል፣ እሱ እኔ ነኝ። የታሰሩት ደግሞ ሰፈሬ፣ ዘመዶቼ፣ ቤተክርስቲያንና መስጊድ የሚመላለሰው ሕዝብ፣ የኳስ ቡድን ደጋፊ፣ ሁሉም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ላይ ሰው እንደዚህ ነው የሚያስበው፣ ይቅር በሉኝ። በኋላ ስጠይቅ ግን ክላስ ውስጥ ያልተኙት ሁሉ እንደኔው ነው ያሰቡት፣ አንድ ሰው እንኳን "እኔ ከታሰሩት ነኝ" ብሎ ያሰበ አላገኘሁም። ሁላችንም ወጥተናል፣ ታዲያ ዋሻው ውስጥ ማን ቀረ?

ታሪኩን ላላነበባችሁ ላውጋችሁ፣ ያነበባችሁም የምትረሷቸው ነገሮች አሉ።

ያለው ሪፐብሊክ የሚባለው መጽሐፉ 7ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ነው። የሚናገረው የፕሌቶ መምህር ሶቅራጥስ ነው፣ የሚሰማው ግላውኮን የሚባል የፕሌቶ የራሱ ወንድም። ሶቅራጥስ ይላል፣ ከመሬት በታች ዋሻ ውስጥ ያሉ ሰዎችን አስብ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ እግራቸውም አንገታቸውም የታሰረ። አንገታቸውን ልብ በሉልኝ፣ እግር ብቻ ቢሆን ዞር ብለው ያዩ ነበር። ፊታቸው ግድግዳ ነው። ከኋላቸው ራቅና ከፍ ብሎ እሳት ይነዳል፣ በእሳቱና በነሱ መሀል መንገድ አለ፣ መንገዱ ዳር አጠር ያለ ግንብ፣ አሻንጉሊት የሚያጫውቱ ሰዎች ፊታቸው እንደሚጋርዱት ዓይነት። ከግንቡ ጀርባ ሰዎች ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ የሰውና የእንስሳ ቅርጽ ከግንቡ በላይ ከፍ አድርገው ተሸክመው ያልፋሉ፣ አንዳንዶቹ እያወሩ አንዳንዶቹ ዝም ብለው። እስረኞቹ የሚያዩት ጥላውን ብቻ ነው። ተሸካሚዎቹ ሲያወሩ ደግሞ ድምፁ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ጥላው ራሱ የተናገረ ይመስላቸዋል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ቶሎ ያልፋል፣ እኔም አልፌ ነበር። ግድግዳው ላይ የሚታየው የፈረስ ጥላ እኮ የፈረስ ጥላ አይደለም! የእንጨት ፈረስ ጥላ ነው። ፈረሱ ዋሻ ውስጥ አልገባም፣ የገባው ቅርጹ ነው፣ እነሱ ጋ የደረሰው የቅርጹ ጥላ። ሰውዬው ውሸትን አንድ ደርብ አድርጎ አልተወውም።

ግላውኮን ይሄን ሲሰማ "እንግዳ ነገር ነው የምትነግረኝ፣ እስረኞቹም እንግዳ ሰዎች ናቸው" ይላል። ሶቅራጥስ የመለሰለት በጣም አጭር ነው፤ እኛኑ ነው የሚመስሉት። በቃ ይሄን ብሎ ይቀጥላል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ሎጂክ ክላስ ውስጥ ብሰማት ኖሮ ያን ያህል አልኮራም ነበር፣ ወይ ተነግራን እኔ አልሰማኋትም፣ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም።

ለኛ ትውልድ ይሄን ዋሻ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፣ ቪዲዮ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሰፈር አንድ ነበር፣ ጭቃ ቤት፣ መስኮቱ በጆንያ የተወተፈ፣ ከፊት ቲቪና ዴክ፣ ከዛ ረጃጅም አግዳሚ፣ የዘገየ ልጅ መሬት ይቀመጣል። ላብ፣ ቆሎ፣ የእግር ሽታ። ዞር ብትል የኋላው ልጅ በኩርኩም ነው የሚመልስህ፣ አንገት ላይ ሰንሰለት ለማሰር ወጪ ማውጣት አያስፈልግም ነበር። እኔ በጣም የማስታውሰው ግን ፊልሞቹን አይደለም፣ ሲያልቅ በሩ የሚከፈትበትን ሰዓት ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ደጅ ፀሐይ፣ ዓይናችን ውስጥ ሚጥሚጣ የተበተነብን ይመስል ሁላችንም እጃችንን ግንባራችን ላይ ጭነን እየተደናበርን እንወጣለን፣ ሁለት ደቂቃ ያህል የሰፈራችን መንገድ ውሸት፣ ፊልሙ እውነት ይመስል ነበር። ፕሌቶም ያለው ይሄንኑ ነው፣ የተፈታው ሰው መጀመሪያ ወደ እሳቱ ሲዞር ዓይኑን ያመዋል፣ ቅርጾቹን ሲያሳዩት ከጥላዎቹ ያነሰ እውነት ይመስሉታል፣ ወደለመደው ግድግዳ ሮጦ መመለስ ነው የሚያምረው። ወደ ላይም በራሱ አልወጣም። በዳገቱ ተጎትቶ ነው የወጣው፣ እየተናደደ። የነፃነት ታሪክ ሲባል የምናስበው ዓይነት አይደለም።

ከወጣ በኋላ ያለው ክፍል ደግሞ የኔ ሰው ጽፎታል የሚያስብል ነው። ሰውዬው ወዲያው ፀሐይዋን አያያትም። መጀመሪያ የሚቀለው ጥላ ማየት ነው፣ ቀጥሎ ውሃ ውስጥ የሚታይ መልክ፣ ቀጥሎ ነገሮቹን ራሳቸውን፣ ከዛ ማታ ማታ ጨረቃና ከዋክብት፣ በመጨረሻ ነው ፀሐይ። ይሄን ሳነብ አጎቴ ነው የመጣብኝ። አጎቴ ማና ወረዳ ቡና አለው። ችግኝ ሲያፈላ ከላዩ ዳስ ይሠራለታል፣ በሣርና በቅጠል ይሸፍነዋል። ችግኙ አድጎ ወደ ማሳ ሊወጣ ሲደርስ ዳሱን ባንዴ አፍርሶ አይጥለውም፣ ዛሬ ትንሽ ሣር ያነሳል፣ ከሳምንት በኋላ ትንሽ፣ ብርሃኑ በቀዳዳ በቀዳዳ እየገባ ቅጠሉ እስኪጠነክር። አንዴ ልጅ ሆኜ ልረዳው ብዬ አንዱን መደብ ሙሉ ገልጬበት ነበር፣ ለችግኙ ያዘንኩለት መስሎኝ፣ ፀሐይ ይሙቅ ብዬ። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ጫፉ እንደተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ሆነ። አጎቴ አልመታኝም፣ አንዱን ችግኝ ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና "ፀሐይም እኮ ይለመዳል" አለኝ።

ቡናው ማሳ ከገባም በኋላ ጥላ ይፈልጋል። የኛ አገር ቡና ዋንዛና ብርብራ ሥር ነው የሚኖረው። ጥላ የሌለው ቡና አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራና በቀጣዩ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። ስለዚህ ለጅማ ሰው ጥላ መጥፎ ነገር ነው ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ቋንቋውም እንቢ ይላል! ፕሌቶ ጥላ ሲል ባዶ፣ ማስመሰያ፣ የሌለ ነገር ማለቱ ነው። እኛ ግን "ጥላ ከለላ" ነው የምንለው፣ ሞገስ ያለው ሰው "ጥላው ይከብዳል"፣ ሞገስ የሌለውን ስንሰድበው "ጥላ ቢስ"። አማርኛ ላይ ጥላ የሌለው ነው ጎዶሎው። (ሰምና ወርቅስ የምትሉ ትኖራላችሁ፣ እሱን ሁሉም ሰው ጽፎታል፣ ልለፈው።) ይልቅ ሌላ የሚገርመኝ ነገር ዋሻ እና ዋሸ በአንዲት ፊደል ቅጥያ ብቻ መለያየታቸው ነው። ዝምድና አላቸው እያልኩ አይደለም፣ የቋንቋ ሰዎች እንዳትጮሁብኝ፣ ግን ፕሌቶ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ አያልፋትም ነበር።

እና ይሄ የጥላ ነገር ነው ወደ ራሴ ጉድ የሚወስደኝ። ምክንያቱም እኔን ዋሻ ውስጥ ያቆየኝ ጅልነት ብቻ አልነበረም፣ ጥላው ደስ ይል ነበር።

2014 ዓ.ም. ነው። አንድ አፕ መጣ፣ ስሙ ይቅር፣ ዛሬ የለም። ብር ታስገባለህ፣ በየቀኑ ገብተህ የሆነ ነገር ትነካካለህ፣ "ታስክ" ነው የሚባለው፣ ከዛ ሒሳብህ ላይ ያለው ቁጥር ያድጋል። ሰው ካስገባህ ደግሞ የበለጠ ያድጋል። መጀመሪያ 2 ሺህ አስገባሁ። በሳምንቱ 600 ብር አውጣ ሲለኝ ሞከርኩ፣ ወጣ! እውነተኛ 600 ብር ባንኬ ገባ። ከዛ በኋላ ማን ይያዘኝ፣ እየጨመርኩ እየጨመርኩ 18 ሺህ ደረስኩ፣ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ 40 ሺህን አልፎ ነበር። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ ቁጥሩን አያለሁ። አውጣው አውጣው አይለኝም፣ ማየቱ ይበቃኛል። ቆይ ደግሞ ይሄን ስሙ፣ ፕሌቶ እስረኞቹ እርስ በርስ ሽልማት ይሰጣጣሉ ይላል፣ የሚያልፈውን ጥላ ቶሎ ለሚለይ፣ የቱ ቀድሞ የቱ ተከትሎ እንደሚመጣ አስታውሶ ቀጥሎ የሚመጣውን ለሚተነብይ፣ ክብርና ሙገሳ። የኛ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ "ሊደር" የሚባሉ ነበሩ፣ ቦነስ መቼ እንደሚለቀቅ የሚገምቱ፣ ፎቷቸው በወርቃማ ፍሬም ይለጠፋል፣ ከፎቶው ሥር "ኮንግራ" ይዘንባል። እኔም አንዴ ገምቼ ልክ ሆኜ ተለጥፌያለሁ። ስክሪንሾቱ እስካሁን አለኝ። ከዲግሪ ፎቶዬ በላይ ላይክ አግኝቷል።

ግሩፑ ውስጥ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ ነበር። እንዴት አደራችሁ ቤተሰብ፣ መልካም ቀን ቤተሰብ፣ አንዷ ልጇ ታሞ ሁሉም ጸልዮላታል፣ ፆምም ረመዳንም ሲገባ እንኳን አደረሳችሁ የሚባለው እዛ ነበር። የማላውቃቸው አራት መቶ ሰዎች። ሥራ ባልነበረኝ ዓመት በጠዋት ስሜን ጠርቶ እንዴት አደርክ የሚለኝ እሱ ግሩፕ ነበር፣ እንግዲህ ጥላ ከለላ ማለት ሌላ ምንድነው።

ግቢ አብሮኝ የተማረ ኢኮኖሚክስ የጨረሰ ጓደኛ አለኝ። ሰማና መጣ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና ጋብዞኝ ተቀመጥን፣ ከኔ ጋ ሁለት የግሩፕ ልጆች ነበሩ። "አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃችሁ፣ ትርፉ ከየት ነው የሚመጣው?" አለ። ከዛ ሶፍት ላይ በእስክሪብቶ ክብ ክብ እየሣለ ሊያስረዳን ሞከረ፣ የአዲሱ ሰው ብር ለድሮው እንዴት እንደሚከፈል ምናምን። ችግሩ ሶፍቱ እየተቀደደ ነው፣ እሱ ደግሞ ሲናደድ ይንተባተባል፣ "ማ... ማለት" "ማ... ማለት" እያለ። አንደኛው ልጅ "ስንት ሠራህ አንተ እስካሁን በኢኮኖሚክስህ?" አለው። ተሳሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ሳቅኩ ብቻ ሳይሆን ማታ ግሩፑ ላይ "ዛሬ አንድ ምቀኛ አጋጥሞን ነበር" ብዬ ጻፍኩ፣ ስንት የሳቅ ኢሞጂ እንደተደረደረ አትጠይቁኝ።

እንግዲህ የታሪኩ መጨረሻ ይሄው ነው። ፀሐይ አይቶ የመጣው ሰው ወደ ዋሻው ተመልሶ የድሮ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ዓይኑ በጨለማ ይሞላል፣ ጥላ በመለየት ውድድር ሁሉም ይበልጡታል፣ "ወጣና ዓይኑን አጥፍቶ መጣ" እያሉ ይስቁበታል፣ ሌላ ሰው ሊፈታ ቢሞክር ደግሞ እጃቸው ቢገባ ይገድሉታል። ፕሌቶ ይሄን ሲጽፍ ለጨዋታ አይደለም። ይሄን እንዲናገር አፉ ላይ ያደረገለት ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 አቴንስ ውስጥ ተፈርዶበት መርዝ ጠጥቶ ሞቷል፣ ፕሌቶ ያኔ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ወጣት ነበር። ይሄን እያወቃችሁ ስታነቡት ሌላ ነገር ነው።

እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ያኔ የሚሞተው ሰውዬ ነበርኩ በሐሳቤ። ፈረንጅ አራዳ ላይ ግን የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ አሁን ግልጽ ነው።

አፑ አንድ ሰኞ ጠዋት አልከፍት አለ። ኔትወርክ ነው ተባለ። ሲስተም አፕዴት ነው ተባለ። ማክሰኞ ግሩፑ ላይ መጻፍ ተከለከለ፣ ረቡዕ ግሩፑ የለም። አራት መቶ "ቤተሰብ" በአንድ ለሊት።

ስለዚህ ወጣሁ ማለት ነው? እዚህ ጋ ነው ከፕሌቶ ጋ ትንሽ የምጨቃጨቀው። እሱ እሳቱ ቢጠፋስ ብሎ አልጠየቀም። ዋሻው ውስጥ እሳቱ ሁሌም ይነዳል፣ ጥላው ሁሌም አለ፣ ሰው የሚነቃው ሌላ ሰው ሲፈታው ነው። እኔ ጋ ግን ማንም አልፈታኝም፣ ግድግዳው ነው ባዶ የሆነው። ግድግዳ ባዶ ሲሆን ደግሞ ሰው አይዞርም! እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ከግሩፑ ልጆች ግማሹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ አፕ ላይ ነበሩ፣ ሊንኩን ልከውልኛል። ሌላ ግድግዳ። እኔ ያልገባሁት ነቅቼ እንዳይመስላችሁ፣ ብር ስላልነበረኝ ነው።

የባሰው ደግሞ አክስቴን አስገብቻታለሁ። 5 ሺህ ብር። አክስቴ ስማርት ስልክ መጠቀም አትችልም፣ ቁጥሩን በኔ ስልክ ነው የማሳያት፣ በሳምንት አንዴ ቤቷ እሄድና "ይኸው 7 ሺህ ደረሰልሽ" እላታለሁ፣ እሷ ስክሪኑን በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን ትስማለች። ዋሻው ውስጥ ከግንቡ ጀርባ የእንጨት ፈረስ ተሸክመው የሚያልፉትን ሰዎች አስታወሳችኋቸው? ፕሌቶ ማን እንደሆኑ አይነግረንም። ድሮ ሳነበው ክፉዎቹ እነሱ ናቸው፣ መንግሥት፣ ሚዲያ፣ የሆኑ ትልልቅ ሰዎች ነበር የሚመስሉኝ። አሁን ሳስበው እነሱም ከዋሻው አልወጡም እኮ፣ እነሱም የሚያዩት በእሳት ብርሃን ነው፣ ምናልባት የተሸከሙት ፈረስ እውነተኛ ፈረስ ይመስላቸው ይሆናል። እኔን ያስገባኝ ልጅ ከኔ በላይ ነው የተበላው። እኔ ደግሞ አክስቴ ፊት ለፊት ስልኬን ከፍ አድርጌ ቆሜ ነበር።

ብሩን በየወሩ 500 500 እያደረግኩ ከፍዬ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያውን ስሰጣት "ከዛኛው ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ይሄም ውሸት ነው እንግዲህ፣ ቁጠሩት።

ከዚህ በኋላ ነው መጽሐፉን እንደገና ያነበብኩት፣ በትክክል ያነበብኩት ማለት ይሻላል። ዋሻው ካለቀ በኋላ ሰው የማይጠቅሰው አንድ አንቀጽ አለ። ሶቅራጥስ ይላል፣ ዓይን የሚታወረው በሁለት መንገድ ነው፣ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ እና ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲወጣ። ነፍስም እንደዛው። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ሰው ሌላው ሲደናበር ሲያይ ዝም ብሎ አይስቅም፣ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ይሄ ሰው የሚደናበረው ከየት መጥቶ ነው፣ ከብርሃን ነው ከጨለማ? ከውጪ ሲታይ መደናበሩ አንድ ዓይነት ነው። ይሄን ሳነብ የጓደኛዬ ሶፍት ነው የታየኝ፣ ያ የተቀዳደደው ክብ ክብ፣ "ማ... ማለት"። የተንተባተበው ስላላወቀ መስሎን ነበር እኮ የሳቅነው።

ወዲያው ቀጥሎ ደግሞ ትምህርት ማለት እውር ዓይን ውስጥ ማየትን መክተት አይደለም ይላል። ዓይኑ ያያል፣ የተሳሳተ አቅጣጫ ስላየ ነው። ዓይን ብቻውን አይዞርም፣ ከነሙሉ ገላው ነው፣ ነፍስም ከነሙሉዋ ነው የምትዞረው። እንግዲህ ጓደኛዬም ተሳስቶ ነበር፣ ትንሽ። ዓይናችን ውስጥ ሊከትልን ነው የሞከረው፣ በሶፍት። ሦስት ወር ሙሉ እንዴት አደርክ ያለኝን ሰው ሁሉ ትቼ ልዞር? ዳሱን ባንዴ ነው የገለጠብኝ። ግን ምን ያድርግ፣ መጥቶ መናገሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ፕሌቶ የወጡትን ሰዎች "ተመልሳችሁ መውረድ አለባችሁ" ነው የሚላቸው፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላችሁ ቅሩ አላላቸውም።

እኛ አገር ደግሞ በተቃራኒው የገባ ሰው አለ። ዘርዓ ያዕቆብ፣ ንጉሡ ሳይሆን ፈላስፋው። ሐተታ በሚባለው ጽሑፉ ላይ እንደተጻፈው በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ ካቶሊክነት የመንግሥት ሃይማኖት ሲሆን፣ ከአክሱም ሸሽቶ ተከዜ አካባቢ ዋሻ አገኘና ሁለት ዓመት ብቻውን ኖረ፣ እዛ ሆኖ ነው ሰው ለምን ይዋሻል፣ ከአባቶቹ የሰማውን ለምን ሳይመረምር ይቀበላል እያለ ያሰበው። የግሪኩ እውነት ፍለጋ ከዋሻ ወጣ፣ የኛው እውነት ፍለጋ ዋሻ ገባ። ደስ ይላል አይደል? እኔም በጣም ደስ ብሎኝ ለሁሉም ሰው ስናገር ከርሜ በኋላ ነው ክርክሩን ያወቅኩት። ኮንቲ ሮሲኒ የሚባል ጣሊያናዊ ምሁር በ1920 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽሑፉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን አይደለም፣ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረ ሚሲዮናዊ ነው ራሱ የጻፈው አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ለብዙ ዓመት ተከራከረ። እስከዛሬ አልተዘጋም። መጀመሪያ ስሰማ ሆዴ ነው የተገለበጠው። ስለ እውነት የጻፈው ሰውዬ ራሱ ምናልባት የእንጨት ፈረስ ጥላ? እኔ ልቤ ወደ ሰምነር ያደላል፣ ግን ልቤ ያኔም ወደ አፑ አድልቶ ነበር፣ ስለዚህ ልቤን ምስክር አልጠራም።

ጓደኛዬን ከዛ በኋላ አግኝቼዋለሁ። አዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ሁለታችንም ባጃጅ ስንጠብቅ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። በመጨረሻ "ያ... ያኔ እኮ" አልኩ፣ እኔ በተራዬ መንተባተብ። "ተወው ባክህ፣ ቡና አለብህ" አለኝ። ባጃጁ መጣ፣ እሱን አስቀደምኩት።

ወደ ያን ማታ ልመለስ። ጀበናዋን አስቀመጥኳት። ልጅቷ እማዬ ጉያ ውስጥ ሆና በአንድ ዓይኗ ግድግዳውን ታያለች። መብራቱን ከበርጩማው ላይ አነሳሁና ትንሽ ወደ ጎን አዞርኩት፣ ጥላዋ አነሰች። ትንሽ ደግሞ ጨመርኩ፣ ጥላዋ ወደ በሩ ሄደች። ልጅቷ አንገቷን አወጣች። "አንቺ አድርጊው" ብዬ ስልኩን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ያዘችውና ወደ ጀበናዋ አስጠጋችው፣ ጅቡ አደገ፣ አራቀችው፣ ጅቡ አነሰ፣ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ከዛ ስልኩን አየች፣ ጀበናዋን አየች፣ ግድግዳውን አየች። ምንም አላለችም። የራሷን እጅ መብራቱ ፊት አደረገችና ጣቶቿን ከፈተቻቸው።

እንደዛ ስንጫወት መብራት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ "መጣ!" ብሎ ጮኸ፣ እንደ ሁሌው። ግድግዳችን ነጭ ሆነ፣ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ብቻ ቀረ። ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች ግድግዳውን አየች፣ ምንም የለም፣ ፊቷ ተጨማደደ። "አጥፋው" አለችኝ። እማዬ ገና ያገኘቻትን ሻማ ይዛ ቆማለች። ተነሳሁና ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫንኩት።